ያልተመለሰች ነጥብ

ሥራ ቦታ «ጆሮ» ብለው ያወጡለት ስም ቤቱ ድረስ ተከትሎት መጥቶ፣ አብሮት ጡረታ ወጥቷል። ጆሮ ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራው በአየር ጠባይ ጣቢያ መቀበያ ክፍል ውስጥ ነው። ከሩቅ ተራሮችና ከወደቦች በሞርስ፣ በነጥብና በሰረዝ ምልክት፣ የሚላከውን የዝናብ፣ የነፋስና የሙቀት ቁጥር በማዳመጫ እየሰማ በእርሳስ ይጽፋል። ክፍሉ ከጄኔሬተሩ ጋር ግድግዳ ይጋራ ነበር። ጄኔሬተሩ ቀኑን ሙሉ ሲያጉረመርም ወፍራም ድምፅ ሁሉ እዚያው ይዋጣል፤ ስለዚህ የክፍሉ ሰዎች መቀበያቸውን የሚቃኙት ነጥቡና ሰረዙ ቀጥኖ፣ ፉጨት ሆኖ እንዲመጣላቸው ነው። ያቺን ድምፅ «ቀጭኗ» ይሏታል። አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ ገና ወንበሩን ሳያሞቅ የሚነገረው «ቀጭኗ ላይ አድርጋት» የሚል ነው። ጆሮ ቀጭኗ ላይ ካደረጋት፣ ሌላው ሰው «ምንም የለም» ብሎ ማዳመጫውን ከወረወረበት ጩኸት ውስጥ ሙሉ መልእክት ለቅሞ ያወጣል። አለቃው አንድ ቀን ቆሞ ሲያየው ቆየና «ይሄ ሰውዬ ሁለመናው ጆሮ ነው» አለ። ስሙ በዚያው ጸደቀ።

ከሥራ መልስም ማዳመጫውን አያወልቅም ነበር። የአማተር ራዲዮ ፈቃድ አለው፤ ቀን ለደመወዝ ያዳመጠው አልበቃ ብሎት ከመኝታ ቤቱ ጎን ባለችው ጠባብ ክፍል ደግሞ ለነፍሱ ያዳምጣል። እዚያ ጠረጴዛው ላይ ከማሠራጫው ጎን ባለ መስታወት ቫልቭ የድሮ መቀበያው ተቀምጧል፤ ሁለት ሰው የሚያነሳው የብረት ሳጥን ነው፣ ፊቱ ላይ መዳፍ የሚሞላ መዘውር አለው። ከተከፈተ በኋላ ግማሽ ሰዓት ሳይሞቅ አይታመንም። እስኪሞቅ ድረስ የያዘውን ሞገድ ቀስ እያለ ይለቃል፣ ባለቤቱም በጣቱ ጫፍ እየተከተለ ይመልሰዋል። ጡረታ የወጣች ልብስ ሰፊ የሆነችው ሚስቱ መቀበያውን «ጣውንቴ» ነው የምትለው። «ጣውንቴ ዛሬ እንዴት አደረች?» ትላለች ክፍሉን ስትጠርግ። ጆሮ የዛሬ ሃያ አምስት ዓመት ለዚህ መቀበያ አንድ ማጣሪያ በገዛ እጁ ሠራለት፤ «ወንፊቱ» ይለዋል። ወንፊቱ ሲበራ ከድምፅ ሁሉ ቀጭኗን ብቻ ያሳልፋል። ከእሷ ትንሽ የወፈረውም ትንሽ የቀጠነውም ደጅ ይቀራል። በሕይወቱ ከሠራቸው ነገሮች የሚኮራው በልጁና በወንፊቱ ነው፤ በየትኛው ይበልጥ እንደሚኮራ ባይጠይቁት ይሻላል።

ወንፊቱን የሠራው ለአንድ ሰው ሲል ነበር። ከባሕር ማዶ ባለ የወደብ ከተማ የሚኖር፣ ዕድሜውን በዕቃ ጫኝ መርከቦች ላይ በራዲዮ ሠራተኝነት የፈጀ ሰው አለ፤ ጆሮ «መርከበኛው» ይለዋል። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ በሞርስ ሲያወሩ ኖረዋል። ተያይተው ግን አያውቁም። በመሃላቸው ያለው ፎቶ መርከበኛው አንድ ጊዜ በፖስታ የላከው ነው፤ እሱም ላይ ግማሽ ፊቱ በቆብ ጥላ ተሸፍኗል። የመርከበኛው ማሠራጫ አቅሟ ትንሽ ስለሆነች ድምፁ ሁሌም ከጩኸቱ ሥር ነው የሚመጣው። ጆሮ ግን ከስንቱ መሃል በእጁ ይለየዋል፤ መርከበኛው የቃሉን የመጨረሻ ሰረዝ ሳብ ያደርጋታል፣ ከወንበር ለመነሳት እንደሚያቃስት ሽማግሌ። የሚገኝበት ቦታ መዘውሩ ላይ በጆሮ ሚስት ቀይ የጥፍር ቀለም ምልክት ተደርጎበታል።

ስልክ ቁጥር አልተለዋወጡም። «ስልክ ለዘመድ ነው፣ እኛ ከዘመድ በላይ ነን» ብለው የቀለዱት ቀልድ ሳያስቡት ደንብ ሆነ። ሌላም ደንብ ነበራቸው። ጠሪው ሁልጊዜ መርከበኛው ነው፣ መላሹ ጆሮ። ሲሰነባበቱ ደግሞ መርከበኛው አንዲት ነጥብ ይመታል፣ ጆሮም አንዲት ነጥብ ይመልስለታል። ነጥቧ ካልተመለሰች ወሬው አላለቀም ማለት ነው፤ ላኪው ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።

ከሦስት ወር በፊት ተጣሉ። የተጣሉት በዕቃ ነው። መርከበኛው አንድ ቀን ደስ ብሎት፣ አውራ ጣት የምታክል መቀበያ ማግኘቱን ነገረው። ኮምፒውተር ላይ ትሰካለች፣ አብዛኛውን የመቀበል ሥራ የሚሠራው ሶፍትዌር ነው፣ አንድን ጣቢያ ብቻ ሳይሆን የጣቢያዎቹን ሰፈር በሙሉ በአንዴ ስክሪን ላይ ታሳያለች፤ አሮጌውን መቀበያዬን አልጋ ሥር ከተትኩት አለ። ጆሮ ይህን ሲሰማ ቆሽቱ አረረ። እሱ ራሱ አልጋ ሥር የተከተተ ነው የመሰለው። «እንግዲያው አንተ መስማት ትተህ ማየት ጀምረሃል። ለሚያየኝ ሰው ደግሞ የምለው የለኝም» ብሎ መታለት። መርከበኛው የመሰነባበቻ ነጥቧን መታ። ጆሮ ማሠራጫውን አጠፋ። ነጥቧን አልመለሰም።

በማግሥቱ አሥር ሰዓት ላይ ተቀምጦ ጠበቀ። ቁጣው በርዶለት ነበርና መርከበኛው ሲጠራው ትንሽ አንገራግሮ ሊመልስለት አስቧል። ጥሪ አልመጣም። በሦስተኛውም ቀን አልመጣም። በሳምንቱ «አኩርፏል» አለ። በወሩ «ይኸን ያህል ቂመኛ አልመሰለኝም ነበር» አለ። በሁለተኛው ወር መቀበያውን ሦስት ጊዜ ፈታታው፤ ቫልቮቹን ለወጠ፣ የላላውን በየደ፣ ጣሪያ ላይ ወጥቶ የአንቴናውን ዝገት ፋቀ። ሌሎች ጣቢያዎች ይመጣሉ፣ ጉልበት ያላቸው ሁሉ ይመጣሉ፣ መርከበኛው ብቻ የለም። በሦስተኛው ወር የመጣበት ሐሳብ ሌላ ነበር። ሰውዬው ሞቶ ቢሆንስ? ሰማንያ የደፈነ፣ ብቻውን የሚኖር ሰው ነው፤ ቢሞት ማን ይነግረኛል? እጁ ወደ ሞርስ መምቻዋ ይሄድና ይመለሳል። ጠሪው መርከበኛው ነው፣ ደንቡ ይኸው ነው። ነጥቧን ከነፈገው በኋላ ቀድሞ መጥራት ደግሞ እግር ላይ እንደ መውደቅ ሆኖ ታየው። እንዲህ እያለ አንድ ሳምንት፣ ሌላም ሳምንት አለፈ።

ቤቱ ውስጥም ሰላም አልነበረም። ሚስቱ ከሁለት ዓመት ወዲህ ጯሂ ሆናለች። ድሮ ድምፅዋ ለስለስ ያለ ሴት ነበረች፤ አሁን አጠገቡ ቁጭ ብላ መንገድ ማዶ እንዳለ ሰው ትጮህበታለች። የተናገረችውንም ሁሉ «ሰማህ?» ብላ ነው የምትጨርሰው። «በሩን ቆልፈው፣ ሰማህ?» «ነገ ሐኪም ቤት ቀጠሮ አለኝ፣ አብረኸኝ ትሄዳለህ፣ ሰማህ?» እሱም ሁሌ «ሰማሁ» ይላል። ባልሰማም ጊዜ «ሰማሁ» ይላል፤ ሴትዮዋን እርጅና ቁጡ አድርጓታል፣ ችሎ ማለፍ ነው ብሎ ደምድሟል። ከዚያ በሩ ሳይቆለፍ ያድራል፣ እሷም ሐኪም ቤት ብቻዋን ደርሳ ትመለሳለች።

አንድ እሁድ ልጁ መጣች። በአንድ የሙያ ትምህርት ቤት ኮምፒውተር ታስተምራለች፤ እሁድ ምሳ ከእነሱ ጋር መብላት የማትቀርበት ልማዷ ነው። ምሳው ሲነሳ ከቦርሳዋ ላፕቶፕና በወረቀት የተጠቀለለ ትንሽ ነገር አወጣች።

«አባዬ፣ አትቆጣ» አለች። «ልትቆጣ ነው፣ ግን አትቆጣ።»

ጆሮ ወረቀቱን ገልጦ አየ። «ይቺ ናት?»

«የቷ?»

«ሰውና ሰው የምታጣላዋ።»

«እሷ እንኳ አላጣላችም» አለች ሚስቱ ሳህን እየሰበሰበች። «አፍ ነው ያጣላው።»

ይህን እንኳ ጮኻ ስለተናገረችው ሰማ። ልጁ ወንበሯን ወደ እሱ አስጠጋች። «እማዬ ነግራኛለች። አባዬ፣ ሰውዬው እየጠራህ ቢሆንስ?»

«ቢጠራኝ አልሰማውም?»

ልጅ እናቷን አየች። እናት ሳህኑን አየች።

«እኔ?» አለ ጆሮ። «እኔ አልሰማውም?»

ወንበሩን ገፍቶ ተነሳ። ከዚህ ሁሉ ውድድር ይሻላል አለ። ከነገ ሰኞ እስከ ቅዳሜ፣ ከአሥር እስከ አሥራ አንድ ሰዓት፣ ከአንዱ አንቴና ሽቦው ለሁለት ተከፍሎ ለሁለቱም መቀበያ ይሰጣል። እሱ የሰማውን በደብተሩ ይጽፋል። የእሷ ዕቃ ደግሞ ያየችውን ትበል።

«የሚመጣውን ሁሉ ትቀዳለች» አለች ልጁ። «አንድ ጣቢያ ሳይሆን ሰፈሩን በሙሉ። በኋላ ተመልሰህ ትናንትን ልክ እንደ ዛሬ መቃኘት ትችላለህ፤ ያልሰማኸውን ጣቢያ ሄደህ ትሰማዋለህ።»

«ትናንትን መቃኘት» አለ ጆሮ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ያመለጠው ቁጥር አመለጠ ነበር፤ ላኪውን «ድገምልኝ» ብሎ መለመን ካልሆነ ሌላ መንገድ የለውም። ነገሩ አላማረውም። «እንግዲያው አንድ ደንብ አለኝ። እስከ እሁድ ማንም ስክሪኑን እንዳያይ። በመሃል ማየት ማጭበርበር ነው።»

ልጁ ሳቀችና ተስማማች። ኮምፒውተሩን በሰዓቱ ተነስቶ እንዲቀዳ አዘጋጅታ ሄደች። ጆሮ ግን ራሱንም አላመነም፤ ከሚስቱ ቁርጥራጭ ጨርቆች አንዱን ወስዶ ስክሪኑን ሸፈነው፣ ዳርና ዳሩንም በመርፌ ቁልፍ ያዘው።

ሰኞ እንደ ጉድ ሠራ። ማክሰኞ መዘውሩን ከቀዩ ምልክት ላይ አቁሞ፣ ወንፊቱን አብርቶ እንደተቀመጠ፣ ሦስት ወር ሙሉ የያዘው እጁ አመለጠው። የመርከበኛውን መጠሪያ መታ። ደገመው። «ጆሮ ነኝ» አለ። ከዚያ ትንፋሹን ይዞ አዳመጠ። የባዶ ሞገድ ሹሹታ ብቻ ነው። አምስት ደቂቃ ጠበቀ፣ ማዳመጫውን በሁለት እጁ ወደ ጆሮው ተጫነው፣ ቀጭኗ ትመጣለች ያለባትን ቦታ በሐሳቡ ሳይቀር ፈለጋት። ምንም የለም። ደብተሩ ላይ «ጠራሁት። መልስ የለም» ብሎ ጻፈና ማሠራጫውን አጠፋ።

ደጃፉ ላይ ወጥቶ ተቀመጠ። ሚስቱ ልብስ ከገመድ ላይ እየሰበሰበች ነበር።

«ምን ሆነሃል?» አለችው።

«ሞቷል» አለ። «ወይም ለእኔ ሞቻለሁ ብሏል። የትኛው እንደሚሻል አላውቅም።»

ያን ዕለት ራቱን አልበላም። ከረቡዕ እስከ ቅዳሜ በቀዩ ምልክት ትይዩ የጻፈው ቃል አንድ ነው፤ «የለም»።

እሁድ ከምሳ በኋላ ሦስቱም ጠባቧ ክፍል ውስጥ ተፋፍገው ተቀመጡ። ልጁ መርፌ ቁልፎቹን ነቃቅላ ጨርቁን አነሳች። ስክሪኑ ሰማያዊ ነበር፤ ከላይ ወደ ታች ሳያቋርጥ ይፈሳል፣ ፏፏቴ ነው የሚሉት አለች። እያንዳንዱ ጣቢያ በፏፏቴው ውስጥ አንድ ብሩህ መስመር ነው። ሞርስ ከሆነ መስመሩ ይቆራረጣል፤ አጭሩ ነጥብ፣ ረጅሙ ሰረዝ።

መጀመሪያ ጆሮ አሸነፈ። ሰኞ ዕለት ከአንድ ጎረምሳ የዜና ጣቢያ ጎን የሰማው ሌላ ላኪ በደብተሩ ተጽፏል፤ ስክሪኑ ላይ ግን የዜና ጣቢያው አብጦ የጎረቤቱን ቦታ ሁሉ ውጦታል። «ትንሽ ናት፣ አጠገቧ ሲጮኹባት ትደነብራለች» አለ ጆሮ። ሁለተኛውንም አሸነፈ። ሳምንቱን ሙሉ ያልተቋረጠ አንድ መስመር ነበር፤ ልጁ «ይሄንን አልጻፍከውም» ስትለው ድምፁን አስከፍቶ ገና ከመስማቱ «ይሄ ጣቢያ አይደለም፣ የጎረቤት ስልክ ቻርጀር ነው» አላት። ሚስቱ ሳቀች። በሦስተኛው ተሸነፈ። ሐሙስ ከሩብ ሰዓት ላልበለጠ ጊዜ ሰማዩ ለሞገድ ተከፍቶ አሥራ አንድ ጣቢያ በአንዴ ተግተልትሎ ነበር፤ እሱ መዘውሩን እያዞረ የደረሰው አንዱ ላይ ብቻ ነው። «እሺ፣ ብዙ ዓይን አላት» አለ። ከሦስት ወር ወዲህ እንዲህ ፊቱ ፈትቶ አያውቅም።

ልጁ ወደ ቀዩ ምልክት ቦታ ሄደች። ሰኞን ከፈተች። በሰማያዊው መሃል ፀጉር የምታክል መስመር ነበረች፤ ትቆራረጣለች።

«እዚህ ጋ ደብተርህ ምን ይላል?»

«የለም ይላል።»

«ይቺስ?»

«የሐሰት መስመር ናት። ያቺ ዕቃሽ የሌለ ነገር ትፈጥራለች።»

«እሺ፣ እንስማት» አለችና ድምፁን ከፈተች። ጆሮ ወደ ድምፅ ማጉያው ጎንበስ ብሎ አዳመጠ። ሹሹታ ነው። ቀና ብሎ «አላልኩም?» ሊል ነበር። ልጁ ግን አንገቷን ደፍታለች፣ ሚስቱም እጇን አፏ ላይ አድርጋለች።

«ምንድን ነው?» አለ።

«እኔ እንኳ እየሰማሁት» አለች ሚስቱ።

«ምን ትሰሚያለሽ?»

«ሲፎጭ ነዋ። ቀጭን ነገር። ጢ፣ ጢጢ፣ ጢ ይላል።»

ጆሮ አንድ ጊዜ ሚስቱን፣ አንድ ጊዜ ስክሪኑን አየ። ልጁ ቀስ ብላ «አባዬ፣ አንተ የምትወዳት ቦታ ላይ ነው ያደረግኩልህ። ቀጭኗ ላይ» አለች። ከዚያ ምንም ሳትጨምር ድምፁን በእጇ ከቅጥነት ወደ ውፍረት ማውረድ ጀመረች። ትንሽ አወፈረችው፤ ሹሹታ ነው። ጨመረችለት፤ አሁንም ሹሹታ ነው። ጄኔሬተሩ በነበረበት ዘመን ማንም የማይቃኘው ወፍራም ጉርምርምታ ጋ ስትደርስ፣ ከሹሹታው ውስጥ አንድ እጅ ብቅ አለ። የመጨረሻዋን ሰረዝ ሳብ የሚያደርግ እጅ ነው።

ጆሮ ነገሩን ማንም ሳያብራራለት ተረዳ፤ የመቀበያ ሰው ነውና። ቀጭኗ ከጆሮው ጠፍታለች፤ መቼ እንደጠፋች አያውቅም። እስከ ጥሉ ዕለት የለመደውን እጅ ግማሹን እየሰማ ግማሹን እየገመተ ኖሯል፤ ከዚያ ወቅቱ ተቀይሮ የመርከበኛው ድምፅ ትንሽ ሲደክም ጭራሹኑ ቀረበት። ጉልበት ያለው ጣቢያ ጮሆ ይደርስለታል፣ ደካማው መርከበኛ ግን አይደርስም። ወፍራሙን ድምፅ ቢያገኝ ይሰማው ነበር፤ እሱን ደግሞ በገዛ እጁ የሠራው ወንፊት ደጅ ያስቀርበታል። ሃያ አምስት ዓመት የኮራበት ወንፊት የማይሰማትን አንዷን ድምፅ ብቻ እየመረጠ ሲያሳልፍለት ከርሟል።

«ታውቁ ነበር?» አለ።

«ሁለት ዓመት ሆነ» አለች ሚስቱ።

«ለምን አትነግሩኝም?»

«ምን ብዬ ልንገርህ? ስምህ እኮ ጆሮ ነው።»

ክፍሉ ውስጥ የመርከበኛው እጅ ብቻ ይሰማ ነበር። ጆሮ ዓይኑን ጨፍኖ እየሰማ፣ ቃል በቃል ይነግራቸው ጀመር። ሰኞ፦ «ዛሬም እዚህ ነኝ። በየቀኑ እዚህ ነኝ። ዕቃ ነው፣ በዕቃ አንቀያየም።» ከዚያ አንዲት ነጥብ፣ ከነጥቧ በላይ ባዶ ሰማያዊ። ልጁ ማክሰኞን ከፈተች። የጆሮ የራሱ ጥሪ ስክሪኑን አቋርጦ በወፍራሙ ተጋድሟል። እሱ መጥራቱን ሲያቆም፣ ሁለት ሰከንድ እንኳ ሳይሞላ፣ ያቺ ቀጭን መስመር ተንደርድራ መጣች።

«አለህ» አለ ጆሮ፣ የመርከበኛውን ቃል እየተናገረ። «ተመስገን፣ አለህ። ሞተሃል ብዬ ነበር። ጆሮ፣ እንዴት ነህ?» ቆመ። መስመሯም ቆማለች። «ጆሮ፣ አለህ?» እንደገና ቆመ። «ጆሮ?» ከዚህ በኋላ አምስቱ ደቂቃ ነው፤ ማዳመጫውን በሁለት እጁ የተጫነባት አምስት ደቂቃ፣ እዚያ ስክሪን ላይ ባዶዋን ትፈሳለች። በመጨረሻ አንድ ቃል መጣች። ጆሮ ሰማትና የጨፈነውን ዓይኑን ገለጠ።

«ምን አለ?» አለች ልጁ።

«ገባኝ» አለ። «ገባኝ ነው ያለው።» ከዚያ አለቀሰ። ሚስቱ ሲያለቅስ ያየችው እናቱን የቀበረ ዕለት ብቻ ነው። የሰውዬውን ስም ጠርቶ፣ ሰውዬው «አለሁ» ሲለው በሩን ፊቱ ላይ የዘጋበት ሰው ሆኗል፤ ያም ሰው ዘግቶብኛል ብሎ በዝምታ ተቀብሎታል።

ረቡዕ መርከበኛው አጭር ነገር ነው ያለው። ደረጃ ላይ ወድቋል፣ ወንድ ልጁ ወደ ራሱ ቤት ሊወስደው ነው። ሐሙስ የመጨረሻው ነበር። ይህንንም ጆሮ ቃል በቃል ነገራቸው። «አንቴናው ዛሬ ይወርዳል። የልጄ ቤት ፎቅ ላይ ነው፣ አንቴና መስቀል አይፈቀድም፣ ማሠራጫውን ለሰው ሰጥቻለሁ። ያቺን የምትጠላትን ትንሿን ይዣታለሁ። መስኮት ላይ ሽቦ አንጠልጥዬ ለመስማት እሞክራለሁ። መናገር አልችልም፣ መስማት ግን ምናልባት። አሥር ሰዓት ላይ እቀመጣለሁ። ከፈለግህ።» ከዚያ ነጥቧን መታ። ዓርብ ባዶ ነው። ቅዳሜም ባዶ ነው።

«ማክሰኞ ይሄን ጨርቅ ባነሳው ኖሮ» አለ ጆሮ። ጨርቁ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ወስዶ አጣጠፈው፣ መልሶ ዘረጋው። ልጁ የአማተሮቹን ማኅበር በኢሜይል እጠይቃለሁ፣ አድራሻው አይጠፋም፣ ስልኩንም እናገኛለን ብላ ብዙ ነገር ተናገረች። እሱ ራሱን ነቀነቀላት። የግድግዳው ሰዓት ለአሥር አምስት ጉዳይ ይላል።

መቀበያው ፊት ተቀመጠና ወንፊቱን አጠፋው። ከተሠራ ጀምሮ በዚህ ሰዓት ጠፍቶ አያውቅም። ማሠራጫውን አበራ፤ ልጁም ስክሪኑን ከተቀዳው ወደ አሁኑ መለሰችው። የሞርስ መምቻዋን ያዘና የመርከበኛውን መጠሪያ መታ። ጠሪው ዛሬ እሱ ነው።

«ጆሮ ነኝ» አለ። ስሙን ከመታ በኋላ እጁ ቆመ። ቃሉ አሳፈረው። ቀጥሎ ግን ሳያቋርጥ፣ እንደ ጀማሪ ቀስ እያለ መታ። «አልተቀየምኩህም። ማክሰኞ ዘግቼብህ አይደለም። ስትጠራኝ አልሰማሁህም። ሦስቱንም ወር አልሰማሁህም። ጆሮዬ ሄዷል። አንተ በየቀኑ እንደጠራኸኝ የነገረችኝ ያቺ ትንሿ ናት።» ትንሽ አረፈ። «ያን ዕለት የከለከልኩህ ነጥብ ይቺውልህ» አለና አንዲት ነጥብ መታ።

ነጥቧ ስክሪኑ ላይ ወፍራም ሆና ታየች፣ ወደ ታችም መፍሰስ ጀመረች። ከእሷ በላይ የሚመጣው ሁሉ ባዶ ሰማያዊ ነው። ደንቡ እንደሚለው ላኪው ቁጭ ብሎ ጠበቀ።

ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ አንድ ነገር አለችው። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየ። «ሰማሁ» የምትለዋ ቃል እንደ ልማዷ ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር።

«አልሰማሁሽም» አላት። «ጠጋ በይና ንገሪኝ።»

መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች። ሳትጮህ፣ በዚያ በድሮው ድምፅዋ፣ ጆሮው ሥር ሆና «ሰማህ?» አለችው።

ጆሮ መምቻዋን እንደያዘ ዞሮ አያት። አንተ ሰማህ ወይ ትበለው፣ ያ ሰው አንተን ሰማህ ወይ ትበለው አልለየለትም፤ ቃሉ ለሁለቱም አንድ ነው።

«እንጃ» አላት። ከዚያ ዓይኑን ወደ ስክሪኑ መልሶ፣ መምጣት እንደማትችል እያወቀ፣ ነጥቧን መጠበቁን ቀጠለ።